ወታደሩ ማልቀስ ያቆመ ዕለት

የእኔ ዕድሜ ሰው ስለ ደርግ ዘመን ሲያወራ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ታስሮ ነበር፣ ወይ ሊታሰር ሲል አምልጧል። ሦስተኛ ዓይነት ሰው በዚያ አገር የኖረ አይመስልም። የያኔዎቹ ካድሬዎች እንኳ ዛሬ ሲተርኩ ብትሰሟቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ጣሪያ ሥር ተደብቀው ያሳለፉት ይመስላችኋል። እኔ አልታሰርኩም፤ አላመለጥኩምም። የአብዮቱን ላሜራ ሰም ቀባሁ። ይህን ስል የሚሰሙኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ነገር ግን ክረምት መጥቶ ውሃ ብረት ላይ ሲንከባለል ባየሁ ቁጥር፣ ዛሬም ቆሜ ሳላየው አላልፍም። እንደሆነው አንዴ ልንገራችሁና እናንተም ቻሉት።

ያኔ ደባርቅ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ፣ ሚስት የሌለኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ ከከተማው ሕዝብ ሁሉ የተሻለ የገባኝ የሚመስለኝ ወጣት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ። ፍርሃቴን ግን ጥንቃቄ ብዬ ነበር የምጠራው።

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወጣው መንገድ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ ሦስት ሰዎች የተሳሉበት ትልቅ ሰሌዳ ቆሞ ነበር፤ ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር። የወዛደሩን የሚያህል ክንድ ያለው ሰው በአውራጃው አልነበረም፤ ፋብሪካ ስላልነበረ ወዛደሩ ራሱም አልነበረም። ገበሬው ይስቃል። ምን እንዳሳቀው ከዳባት እስከ ዛሪማ የሚያውቅ ገበሬ አልተገኘም። ወታደሩ ግን የተለየ ነበር። ሠዓሊው በደረስጌ በኩል ቤተ ክርስቲያን ሲስል የኖረ ሰው ነው። በዚያ ሙያ ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ዞሮ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ኃጥእ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ሌላ ዓይነት አሳሳል አያውቅምና ለወታደሩ ሙሉ ፊትና ሁለት ትልልቅ፣ ቅዱስ የሚያስመስሉ ዓይኖች ሰጠው። ሦስቱም በየራሳቸው ላሜራ ተቆርጠው ከጀርባ ካለው የብረት ቋሚ ጋር በብሎን ታስረዋል። የወታደሩ አንደኛው ብሎን የወደቀው ልክ በግራ ዓይኑ ጥግ ላይ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ብሎኑ ዛገ። ዝናቡ ዝገቱን እያጠበ ከዓይኑ እስከ አገጩ ቡናማ መስመር አወረደ። ቀለም ቀቡት፤ በሚቀጥለው ክረምት ከቀለሙ ሥር ወጣ። ደግመው ቀቡት፤ ደግሞ ወጣ። ወታደሩ ሐምሌና ነሐሴን ያለቅሳል፤ ጥቅምት ላይ እንባው ጉንጩ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ይህ በሰላም ጊዜ ቢሆን ቀልድ ነበር። ነገር ግን ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ነው። ልጆቹን ከዳባት ገበያና ከየመንደሩ ሰብስበው በካሚዮን ጭነው ወደ ሰሜን ሲያወርዷቸው የሚያልፉት በዚያ ሰሌዳ ሥር ነበር። እናቶች ካሚዮኑን ተከትለው የሚሮጡት እዚያው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ መንገዱም ይጠማዘዛል። ከሄዱት ልጆች ደብዳቤ የጻፈ ጥቂት ነው። የሞተ ካለም የሚያረዳ የለም። መርዶ ሳይመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም፤ ያልተረዳ ሞት ላይ ማልቀስ ልጅን በቁሙ መቅበር ነው። በመንግሥት በኩል ደግሞ ወሬ መንዛት ነው፤ ያስቀጣል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ያልወጣ ለቅሶ ይዞ ሥራውን ይሠራ ነበር።

የታሪክ መምህራችን አንድ ቀን በመምህራን ክፍል፣ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ሰሌዳው ወታደር፣ “ይሄ ልጅ እናቱ ናፍቃዋለች፤ ፈቃድ ቢሰጡት ምን አለበት?” አለ። ሳቅን። በሳምንቱ ወሰዱት። ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ አካሉ ሙሉ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቀልድ ሲናገር አልሰማነውም። ከሞተ ሰው ይልቅ እሱ ነበር የሚያስፈራኝ።

እንዲህ እያለ ነው እንግዲህ የአውራጃው ካድሬ፣ ጓድ ምስጋናው፣ ቤተ ሙከራዬ የገባው። ካኪው የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ የመስታወት ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ።

“ዝገት ታስተምራለህ አሉኝ” አለ።

“አሥረኛ ክፍል ላይ፣ አዎ።”

“ምንድን ነው?”

ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ነገርኩት። ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጠነብኝ።

“እና እንዳይገናኝ ማድረግ ነዋ።”

“በንድፈ ሐሳብ ደረጃ . . .”

“ንድፈ ሐሳቡን ለፈተና አቆየው።” ብድግ አለ። “ለአብዮት በዓል ከክፍለ ሀገር ትልቅ ሰው ይመጣሉ። ሰሌዳው ሥር ቆመው ነው የሚናገሩት። እናቶች ገበያ ውለው ሲመለሱ ያ ወታደር ሥር እየቆሙ ሽቅብ ያዩታል። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም፤ ግን ይቆማሉ። ሐዘን እያስተማራቸው ነው። ያን ቀን ካለቀሰ፣ ጥፋቱን ላሜራው ላይ የምጥል አይምሰልህ።”

ልክ እንደ እሱ አሰብኩ። ሴቶቹ የሚቆሙት አብረውት ለማዘን ነው ብዬ። ሰው የተማረም ይሁን የታጠቀ፣ ሲፈራ አንድ ዓይነት ነው የሚያስበው።

ሰሌዳው ላይ ሆኖ መሥራት አይቻልም ነበር። ብረቱ መሞቅ አለበት፤ ስለዚህ ወታደሩ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጣ ጠየቅኩ። ጓድ ምስጋናው ሕዝቡ ማየት የለበትም አለና በሸራ አስሸፈነው። አራት የአብዮት ጠባቂዎች በሁለት አጣና ላይ አጋድመው በትከሻቸው ተሸከሙት። እኔ የብሎኑን ቁልፍ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ።

ይህን አሁን ስጽፈው እናንተ ቀድማችሁ ያያችሁትን እኔ ያኔ አላየሁም። ገበያው ጫፍ ላይ ስንደርስ ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴት ብድግ አለች። ቀጥላ ሌላዋ ተነሣች። መንገዱ ዳር ያሉት ሴቶች ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ ቆሙ። አንዷ ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ ጀምራ መሐል ላይ እጇ ቆመ፤ ማን እንደሆነ አታውቅምና። በአጣና ላይ የተጋደመ፣ የተሸፈነ ወታደር፣ አራት ሰው ተሸክሞት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ አያሌው የሚባል የድቁና ትምህርት አቋርጦ ጠባቂ የሆነ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። ጓድ ምስጋናው ግን ከፊት ሆኖ፣ ምስጢሩ በሸራ በመጠበቁ ረክቶ ይራመዳል።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ላውራ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው። ቀለም ብረትን የሚጠብቀው እስኪሰነጠቅ ድረስ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ከገባ ወዲያ ቀለሙ ዝገቱን ይደብቀዋል እንጂ አይከለክለውም። እኔ የፈለግሁት ውሃው ብረቱን ጨርሶ እንዲጠላው ነው። የተልባ ዘይት ቀጭን ሆኖ በጋለ ብረት ላይ ሲቀባ ደርቆ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ከብረቱም ጋር ይጣበቃል። በላዩ ሰም ሲቀልጥ ደግሞ ዓይን የማያያትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። ውሃ ከሰም ጋር አይስማማም፤ ተሰብስቦ፣ ተንከባሎ ይሄዳል። ዘይቱን የዘይት መጭመቂያ ካላቸው አንድ ሐጂ አገኘሁ። ለሰሙ ወደ እትዬ ጥሩ ሄድኩ።

እትዬ ጥሩ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ከማር የሚወጣውን ሰፈፍ እያነጠሩ ለጧፍ ሠሪዎች የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ልጃቸው ሙላት ዳባት ገበያ በግ ሊሸጥ ሄዶ ከእነ በጉ በዚያው ተወስዷል። ይህን የነገረችኝ አከራዬ ናት፤ እሳቸው ስለ ልጃቸው ለሰው አያወሩም።

ለምን እንደምፈልገው አልነገርኳቸውም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ድቡልቡል ሰም አስቀመጡና እጃቸውን ከላዩ ሳያነሡ አዩኝ።

“ለዚያ ልጅ ነው?” አሉ።

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር። ነገር ግን ዓይናቸው አላስዋሸኝም። “አዎ፣ እትዬ።”

“እንዳያለቅስ?”

“እንዳይዝግ ነው።”

“ይቆማል?”

“ይቆማል።”

“ለስንት ክረምት?”

እዚህ ላይ ወጣትነቴ ከፍርሃቴ ቀድሞ ተናገረ። ሥራው ዘላቂ ነው፣ በትክክል ከተቀባ እኔም እርስዎም ካለፍን በኋላ ውሃ አይደፍረውም አልኳቸው። ከዚያ እጃቸውን ከሰሙ ላይ አነሡ። ዋጋ ስጠይቃቸው ዞር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ደግ ሴት ናቸው ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ላይ ቸኮልኩ። ዝገት የነካውን የፊቱን ግራ ጎን እስከ ነጭ ብረቱ ፍቄ፣ አሙቄ፣ ዘይትና ሰሙን ቀብቼ ጨረስኩና ፊቱን በመጨረሻ ልስለው ተነሣሁ። ቀኝ ዓይኑን ስፍቅ ሳልነካ ስለተውኩት እሱ አለ። የግራውን በጥላሸትና በዘይት በጠበጥኩት ቀለም ልሠራ ብሩሹን ሳስነካ፣ ቀለሙ ተሸበሸበ፣ ወደ ትንንሽ እንክብሎች ተሰበሰበና ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ውሃን የሚጠላ ገጽ ቀለምንም እንደሚጠላ መገመት የነበረበት የክፍለ ትምህርቱ ኃላፊ እኔው ነኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ደጋግሞ ተንሸራተተ።

ጓድ ምስጋናው አያሌውን አስከትሎ የገባው በዚህ መሐል ነው። ካድሬው ምንም ስህተት እንዳላየ ሰው ቆመ። አያሌው ግን አማተበ።

“ምን ሆንክ?” አለው ካድሬው።

“ጓድ፣ አንድ ዓይና ሆነ’ኮ።”

“እና?”

“በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው። ሰይጣንም። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።”

ጓድ ምስጋናው ወታደሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያየሁት ፍርሃት ነው። የሚያስፈራችሁ ሰው ራሱ ሲፈራ ከማየት የባሰ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ፍርሃቱን ወዴት እንደሚያሻግረው ታውቃላችሁ።

“ነገ ስመጣ ሁለት ዓይን አያለሁ” አለ፣ በዚያው በዝቅተኛ ድምፁ። “ሁለት ዓይን ከሌለ፣ አንተን ማን እንደላከህ ነው የምጠይቀው።”

ሲወጣ ከሰል ማንደጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሰሙን በሙቀት አቅልጬ አነሣሁ፤ በላምባ አጠብኩት። አሁን በቅደም ተከተል ሠራሁ፤ መጀመሪያ ቀለሙን ከዘይት ጋር አዋሕጄ በጋለው ብረት ላይ አደረቅኩት፣ ከዚያ በላዩ ዘይት፣ ከዚያ በመጨረሻ ሰም። ብሎኑንም፣ ቀዳዳውንም፣ ዙሪያውንም። በጨርቅ ስወለውለው ብረቱ እንደ ሰው ቆዳ ለሰለሰ። በጣሳ ውሃ ቀዳሁና ዓይኑ ላይ ደፋሁበት። ውሃው ሳይነካው ሄደ። ደግሜ ደፋሁ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልቀረችም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የተደሰትኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን አልፈተንኩም። የደባርቅ ውሃ ሁሉ በጣሳ አይደፋም።

የበዓሉ ጠዋት ጉም ነበር። የደባርቅን ጉም የማታውቁ፣ ከላይ የሚወርድ እንዳይመስላችሁ። ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ዝም ብሎ ይመጣና የሚነካውን ሁሉ ያረጥባል። ወታደሩ ቦታው ተመልሷል። ፊቱ የተወለወለ፣ ዓይኖቹ የጠሩ፣ ጉንጩ ንጹሕ። ተማሪዎች ተሰልፈዋል፤ ሴቶቹ ከፊት እንዲቆሙ ተደርገዋል፤ እትዬ ጥሩም አሉ። ባለሥልጣኑ ከመኪና ወረዱ፤ ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ የደከማቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ንግግራቸውን ጀመሩ።

ወዛደሩንና ገበሬውን ጉሙ ሲነካቸው ቀለማቸው ጠቆር ከማለት በቀር ምንም አልሆኑም። ውሃው ተንጣሎባቸው አይታይም። ወታደሩ ግን ውሃ አይቀበልም። ጉሙ ፊቱ ላይ ባረፈ ቁጥር ወደ ጠብታ ተሰበሰበ። መጀመሪያ እንደ ጤፍ ፍሬ ነበሩ። ዓይኔ እያየ አደጉ፤ እንደ ጨሌ ተደርድረው ቆሙ። ከታችኛው የዓይኑ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ተገናኙ፤ ሦስተኛዋን ጨመሩ፤ ከበዱ። ከዚያ ቀስ ብለው በጉንጩ ላይ ተንከባለሉ።

ያለፈው እንባ ዝገት ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ይሄኛው እንደ እውነተኛ እንባ የጠራ ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ።

ባለሥልጣኑ የሕዝቡን ዓይን ተከትለው ዞሩ። ንግግራቸው ቆመ። የወታደሩን ፊት ረዥም ጊዜ አዩ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“መምህሩ ነው የሠራው፣ ጓድ” አለ ጓድ ምስጋናው፣ ቃሉን ሳይጨርስ እየጠቆመኝ።

ወደፊት ወጣሁ። ማን እንዳራመደኝ አላውቅም። ውሃ ነው፣ ጉሙ ነው፣ ብረቱ ውሃ ስለማያስገባ ላዩ ላይ የቆመ ነው፣ ይህ የሚያሳየው አለመዛጉን ነው አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ እንደ ውሸት የሚሰማ እውነት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅሁ።

“ስለ ዝገት አልጠየቅኩህም” አሉ። “ጥረገው።”

መሰላል መጣ። ወጥቼ በመሐረቤ ጠረግሁት። ፊቱ ጠራ። ወርጄ መሬት ሳልረግጥ ጉሙ ተመለሰበት። እንደገና ወጣሁ። ሰም በተወለወለ ቁጥር ውሃን የበለጠ እንደሚጠላ ታውቃላችሁ? እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ወለወልኩት። ጠብታዎቹ ከፊተኞቹ ይልቅ ክብ ሆነው መጡ። የባለሥልጣኑ አጃቢ ሰው ሳይጠራው መጥቶ መሰላሉ ሥር ቆመ። የሚጠብቀው ወታደሩን ሳይሆን እኔን ነበር።

ባለሥልጣኑ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ከፊት ያሉት እትዬ ጥሩ ነበሩ።

“እናቴ፣ እርስዎ ይህን ሲያዩ ምን ይታይዎታል?”

መሰላሉ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ሕይወቴ በእሳቸው አፍ ውስጥ ነበር። ልጃቸውን የወሰዱባቸው ሰዎች ፊት ቆመዋል፤ አንድ ቃል ይበቃቸዋል። ወደ ወታደሩ ቀና አሉ። ቸኩለው አልመለሱም።

“ውሃ ነው፤ ጌታዬ።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“እንባማ መንገድ ይተዋል። የዚህን ልጅ እንባ አውቀዋለሁ፤ በየክረምቱ የሚሄድበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ይሄ ምንም አልተወም። ደርቋል።”

ባለሥልጣኑ ሳቁ። ሲስቁ ጓድ ምስጋናው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ንግግሩ ቀጠለ፤ መፈክር ተሰማ፤ መኪናው ሄደ። ጓድ ምስጋናው ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ በጫማዬ ወደቅሁ። ሴትየዋ አዳኑኝ አልኩ። ሌላ ነገር የተናገሩ አልመሰለኝም።

ቀትር ሳይደርስ ዋይታ ሰማሁ። የአንዲት ሴት ድምፅ ነበር፤ ወዲያው ሌላ ሰፈር ሌላ ድምፅ መለሰላት። አያሌው በሩን ገፍቶ ገባ፤ ጠመንጃው በትከሻው ላይ ነው፤ ፊቱ ግን የጠባቂ አይደለም።

“መምህር፣ እትዬ ጥሩ ለቅሶ ተቀመጡ።”

“መርዶ መጣ? ማን አረዳቸው?”

አያሌው መሬት መሬት አየ። “አንተ ነህ ነው የሚሉት።”

ያለኝን በሻንጣ ከትቼ ወጣሁ። ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ገበያው ላይ ቆሟል። ልሸሽ ነበር፤ ሌላ ልላችሁ አልፈልግም። ነገር ግን ወደ አውቶቡሱ የሚወስደው መንገድ በእትዬ ጥሩ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ ደጁም ላይ ሰው ቆሟል። በዚያ አገር ለቅሶ ቤት ደጅ ሻንጣ ይዞ የሚያልፍ ሰው የለም። ካድሬውን ፈራሁ፤ ይህን ደግሞ ማድረግ አቃተኝ። ሻንጣዬን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ገባሁ።

እትዬ ጥሩ ጸጉራቸውን ቆርጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ማልቀሳቸውን አቆሙና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው አመለከቱኝ።

“ተቀመጥ፣ ልጄ።” ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። “የሞተ አያለቅስም። እሱ በየክረምቱ ሲያለቅስ ሙላትም አለ እል ነበር። ርቦት ይሆናል፣ በርዶት ይሆናል፣ ግን አለ እል ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው። ተሸፍኖ ሲያልፍ አየሁት። ሰሙን ስትወስድ ይቆማል አልከኝ። ዛሬ ሄጄ ፊቱን አየሁት።”

ለካ ሴቶቹ እዚያ ሥር ሲቆሙ የኖሩት ለማዘን አልነበረም። ተስፋቸውን ሊያዩ ነበር የሚሄዱት። ካድሬውና እኔ፣ አንዱ በሥልጣኑ አንዱ በኬሚስትሪው፣ ተባብረን ያደረቅነው እሱን ነው።

ጓድ ምስጋናው አያሌውን አስከትሎ ገባ። ካኪው አሁንም የተተኮሰ ነበር፤ ግን ላብ አንገትጌውን አርሶታል። በከተማው ውስጥ አራት አምስት ቤት ለቅሶ ተነሥቷል፤ በአብዮት በዓል ቀን፣ መንግሥት ያላረዳው ሞት።

“እትዬ ጥሩ፣ ልጅዎ ሞቷል ብሎ የነገረዎት ማነው?”

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቃል። አንድም ሰው ግን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ማየት መጠቆም ነበርና። ሁሉም ሰው ጉልበቱን እያየ ነው። እኔም የራሴን አየሁ።

“ማንም አልነገረኝም” አሉ እትዬ ጥሩ። “የማለቅሰውም ለዚሁ ነው።”

ካድሬው ሊናገር አፉን ከፈተ። ከኋላው የእንጨት ድምፅ ተሰማ። አያሌው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከወንዶቹ መሐል ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሙ ከሙላት ጋር በአንድ ካሚዮን የሄደ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ራሱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ሴቶቹ ተቀበሉት።

ጓድ ምስጋናው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ ትንሽ ሳይቀመጥ አይወጣም። ቢቀመጥ ሞቱን አመነ፤ ቢወጣ ሰው መሆኑን ተወ። ዓይኑ ወደ እኔ መጣ፤ ከእኔ ወደ አያሌው ጠመንጃ። ከዚያ ዞሮ ወጣ። ከለቅሶ ቤት ሳይቀመጥ የወጣ ሰው ያየሁት በዕድሜዬ እሱን ብቻ ነው።

አላሰሩኝም። ጓድ ምስጋናው ጉዳዩን ወደ ላይ ቢያደርሰው ወታደሩን ያስወረደው፣ በሸራ ያስሸፈነው፣ በገበያ ያሳለፈው እሱ ራሱ መሆኑ ይወጣ ነበር። የትምህርት ዘመኑ ሳይጋመስ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩኝ። ሻንጣዬ ቀድሞም ዝግጁ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰሙ ወዳጆቼ ሊያጽናኑኝ የሚሉት ነገር አላቸው። አንዱ ጭቆና ሐዘንን መደበቅ እንደማይችል ያሳያል ይላል። ሌላው ሕዝብ ከላሜራም ምልክት እንደሚያነብ ይነግረኛል። ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች ናቸው፤ ለጉባኤ ይሆናሉ። እኔን ያን ቀን የለወጠኝ ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ውሃ በብረት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ ነበር። አንዲት ሴት ግን ያንን ብረት ስታይ ምን እንደምታይ አልጠየቅኩም። ሰሙን መሐላችን አድርገን፣ እሳቸው አራት ጊዜ ሲጠይቁኝ፣ እኔ ከዋጋው በቀር አንድ ነገር አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ያስፈራኝ ነበር፤ ቢነግሩኝ ማወቄ ነዋ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ስለ ቀላል ነገር እንኳ ሳልጠይቅ አላልፍም፤ በዚህም ምክንያት አሰልቺ ሰው ነው ይሉኛል። ይበሉኝ። እናንተ የሚያለቅስ ሰው አግኝታችሁ እንባውን ለማቆም ብትቸኩሉ፣ ለምን እንደሚያለቅስ የምታውቁ መሆናችሁን አንድ ጊዜ ተጠራጠሩ።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ በደባርቅ አለፍኩ። ሰሌዳው የለም። እትዬ ጥሩ አርጅተው፣ እዚያው ቤት አሉ። ጠጅ መጣል ትተዋል። ስለ ሙላት ጠየቅኳቸው፤ በመጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም አሉኝ። እስከ ዛሬ ማንም አላረዳቸውም።

ዝናብ ያካፋ ነበር። ሊሸኙኝ ወደ ደጅ ሲወጡ የጓሮውን በር አየሁት። ከላሜራ የተሠራ ነው፤ ተገልብጦ ተመትቷል። ከታች በኩል፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉ። ሰሌዳው ሲፈርስ እትዬ ጥሩ ከሚጥሉት ሰዎች ለምነው ወስደውት ኖሯል። ጠጋ ብዬ ዝገት ፈለግሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ ትንሽ ዝገት ባገኝ ብዬ የብሎኑን ቀዳዳ ዙሪያ በጣቴ ዳሰስኩ። የዝናቡ ጠብታዎች እንደ ጨሌ ቆመው፣ ሳይነኩት ተንከባለሉ። ጣቴ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

እትዬ ጥሩ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር።

“አልዛገም” አሉ። “እንዳልከኝ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ከነገረኝ ሁሉ እውነት ሆኖ የቀረ ያንተው ብቻ ነው።”